ክብሪቱን ተዉት፣ ልብሷን ሸፍኑላት

ፒያሳ ላይ፣ ከጊዮርጊስ እስከ በኒ መስጊድ ባለው መንገድ፣ ሰው ድንገት ወድቆ ሲንቀጠቀጥ «ክብሪት ጫሩ!» የሚል አይጠፋም። «እንዳትነኩት፣ ይተላለፋል!» የሚልም አለ። እህት ወንድሞች፣ የዚህን በሽታ ታሪክ ብናውቅ ግን እንዲህ አንሸሽም ነበር።

ዐጣእ ኢብኑ አቢ ረባሕ እንዳስተላለፉት፣ ኢብኑ ዐባስ (ረ.ዐ.) አንዲት ጥቁር ሴት አሳይተዋቸው የጀነት ሰው መሆኗን ነገሯቸው። በአንዳንድ ዘገባ ሐበሻዊት እንደነበረች ተወስቷል። ሰርዕ፣ ማለትም የሚጥል በሽታ ነበረባት። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ታግሣ ጀነትን እንድታገኝ ወይም ለመዳኗ ዱዓ እንዲያደርጉላት አስመረጧት። እሷም ትዕግሥትን መረጠች። የለመነችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ ስትወድቅ ገላዋ እንዳይገለጥ። ዱዓ አደረጉላት። ሐዲሡን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል።

በ11ኛው ክፍለ ዘመን ኢብኑ ሲና «አል-ቃኑን» በተባለው መጽሐፉ ሰርዕን ከአንጎል ሕመሞች ጋር አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1912 ፌኖባርቢታል የተባለው መድኃኒት መንቀጥቀጡን እንደሚከላከል ታወቀ፤ ዛሬም በአገራችን ይታዘዛል። ከዚያ ብዙም ሳይቆይ ራስ ተፈሪ ቤተ ሳይዳን፣ የዛሬውን የካቲት 12 ሆስፒታል፣ ስድስት ኪሎ አጠገብ አቋቋሙ።

ሕክምናው ቢመጣም ፍርሃቱ አልሄደም። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በቡታጅራ አካባቢ ከ60,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት አጥንተው 316 ታማሚዎች አገኙ፤ ከ1000 ሰው 5 ገደማ መሆኑ ነው። ብዙዎች በሽታው በንክኪ ይተላለፋል ብለው ያምኑ ነበር።

አይተላለፍም። መንቀጥቀጡ የሚመጣው የአንጎል ሴሎች የኤሌክትሪክ ምልክት ድንገት ሲዛባ ነው። መነሻው የጭንቅላት ጉዳት፣ ስትሮክ፣ ዕጢ ወይም ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፤ መነሻው የማይታወቅበትም ጊዜ ብዙ ነው። መልቲፕል ስክለሮሲስ፣ ማለትም የሰውነት መከላከያ የራሱን ነርቮች ሽፋን የሚያጠቃበት ሕመም፣ ያለባቸው ሰዎችም ከሌላው ሰው ይልቅ ለዚህ የተጋለጡ ናቸው፤ ቁስሉ የአንጎልን የላይኛው ክፍል ሊነካ ይችላልና። እንዲህ ያለውን ሕመም የክብሪት ጭስ አያቆመውም።

እናም ሰው ሲወድቅ አትሽሹ። ከጭንቅላቱ ሥር ለስላሳ ነገር አድርጉ፤ በጎኑ አስተኙት፤ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ በጉልበት አትያዙት። ከ5 ደቂቃ ካለፈ ሐኪም ቤት አድርሱት። የወደቀችው እህት ከሆነች ደግሞ ልብሷን አስተካክሉላት፣ በነጠላ ሸፍኗት። ያቺ ሴት ከ1400 ዓመት በፊት የለመነችው ይህንኑ ነበር።