የመንዝ ጓሳና የቄሮ ሥርዓት

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ አገር፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍ ብሎ የሚገኝ፣ ስፋቱም ወደ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ አንድ የውርጭ አገር አለ፤ ስሙም ጓሳ ይባላል። ይህን ስም ያገኘው በላዩ ከሚበቅለው፣ የዕፅዋት ሊቃውንት ፌስቱካ ከሚሉት ወገን ከሚመድቡት ሣር ነው። ከዚህ ከፍታ የሚነሡት ምንጮች ከፊሉ ወደ ዓባይ፣ ከፊሉም ወደ አዋሽ ይወርዳሉ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ እስከ ዛሬ ድረስ የሚገኙበት አገር ስለ ሆነ፣ በቅርቡ ዘመን የታወቀው ይልቁንም በአራዊቱ ነው። ነገር ግን አራዊቱ ሊተርፉ የቻሉት ስለ እነርሱ የታሰበ ሕግ ስለ ነበረ አይደለም፤ ሰው ስለ ሣሩ ብሎ ባወጣው ሕግ ጥላ ሥር ስለ ኖሩ ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም ያ ሕግ ምን እንደ ነበረ፣ በምን እንደ ጸና፣ በምንስ ምክንያት እንደ ተናጋ ማመልከት ነው።

አስቀድሞ የሣሩን ጥቅም መናገር ያስፈልጋል፤ ጥቅሙ ሳይታወቅ የሕጉን ጥብቅነት መረዳት አይቻልምና። መንዝ ዛፍ የሚያንሰውና ብርድ የሚበረታበት አገር ነው፤ ከበጎች ጠጉር የሚሠራው የመንዝ ባና የታወቀ የሆነውም ስለዚህ ነው። በእንዲህ ያለው አገር የጓሳ ሣር የቤት ክዳን ይሆናል፤ ጠንካራ በመሆኑም ከሌላው ሣር ይልቅ ብዙ ዘመን ይቆያል። ገመድ ይገመድበታል፤ ለዝናብ መከላከያ የሚለበሰው ገሳም ይሠራበታል። ከሣሩ ጋር የሚበቅለው ጭራንፊ የተባለው ቁጥቋጦ ለማገዶ ይለቀማል። ከሁሉም በላይ ድርቅ በሆነ ጊዜ፣ ከታች ያለው ግጦሽ ሲያልቅ፣ ከብቱ ነፍሱን የሚያተርፈው በጓሳ ላይ ነው። ስለዚህ ጓሳ ለመንዝ ገበሬ ባዶ መሬት ሳይሆን፣ ለክፉ ቀን እንደ ተቀመጠ ጎተራ ነበር።

ስለ ሥርዓቱ አመጣጥ የአገሩ ሽማግሌዎች የሚናገሩት ወደ 17ኛው ምዕተ ዓመት ይመልሰናል። ጓሳን ለይተው ያስከበሩት አስቦና ጌራ የተባሉት አቅኚ አባቶች ናቸው ይላሉ። መንዝ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር ተብሎ በሦስት የተከፈለውም በቀዳሚዎቹ አባቶች ስም እንደ ሆነ የታወቀ ነው፤ የሸዋ ነገሥታት ዘር የሚቈጠርለት ነጋሲም ከዚያው ከመንዝ የተነሣው በዚያው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ላይ ነው። የአስቦንና የጌራን ታሪክ በዝርዝር ለመመስከር የጽሑፍ ማስረጃ ባይኖርም፣ የትውፊቱ ዋጋ በሌላ በኩል ይገኛል፤ ይኸውም መሬቱን የመጠቀም መብት በምን ላይ እንደ ተመሠረተ ያስረዳናል። መብቱ አጽመ ርስት ነበር። ከአስቦ ወይም ከጌራ መወለዱን ቈጥሮ ያስረዳ ሰው በጓሳ ላይ ድርሻ አለው፤ ያላስረዳ ግን የለውም። ጓሳም በሁለቱ አባቶች ስም ለሁለት ተከፍሎ፣ ተጠቃሚው ሕዝብ ደግሞ በየአጥቢያው ተመድቦ ይጠብቀው ነበር።

የጥበቃው ሥርዓት ቄሮ ይባላል። በእያንዳንዱ ወገን ሕዝቡ ራሱ መርጦ የሚሾመው አንድ አለቃ ነበር፤ እርሱም አባ ቄራ ይባላል። ሥልጣኑ ከቤተ መንግሥት የተሰጠ ሹመት ሳይሆን፣ ከባለ ርስቶቹ ፈቃድ የመነጨ ነበር። የአባ ቄራ ተግባር ጓሳን ማስጠበቅ፣ የሚከፈትበትንና የሚዘጋበትን ቀን መወሰን፣ ሕግ በጣሰው ላይም መፍረድ ነው። ጥበቃው ለጥቂት ዘበኞች የተተወ አልነበረም፤ ዐቅም ያለው አባወራ ሁሉ ጥሪ በደረሰው ጊዜ ወጥቶ መዞር ግዴታው ነበር። ጥሪውም አስቀድሞ ባልታወቀ ቀን ይደረግ ስለ ነበር፣ ሣር ሊሰርቅ የሚያስብ ሰው መቼ እንደሚያዝ ሊገምት አይችልም። ከጥሪ የቀረ ሰው ቅጣት ነበረበት፤ በተከለከለው ጊዜ የገባም ከብቱን እስከ ማጣት፣ አንዳንድ ጊዜም ቤቱ እስኪቃጠል ድረስ ይቀጣ ነበር።

የሥርዓቱ ዋና ነገር ግን የጊዜ አከፋፈሉ ነው። ጓሳ ሦስት ዓመት፣ ሲያስፈልግም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ፈጽሞ ተዘግቶ ይቆያል። የመዘጋቱ ርዝመት የሚወሰነው በሁለት ነገሮች ነው፤ አንደኛው የሣሩ ማደግ፣ ሁለተኛውም የሕዝቡ ችግር። አባ ቄራው ሣሩ ለአጨዳ መድረሱን ካመነበት፣ የሚከፈትበት ቀን በቤተ ክርስቲያን፣ በገበያና በለቅሶ ቦታ ይነገራል። ጊዜውም እንደ ልማዱ በጋው በሚበረታበት በየካቲት ወይም በመጋቢት ነው። ከተከፈተ በኋላ በመጀመሪያ የሚፈቀደው አጨዳ ብቻ ነው፤ ሰው ሁሉ የሚበቃውን ሣር አጭዶ ከጨረሰ በኋላ ከብት እንዲገባ ይፈቀዳል። ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ሰውም ከብቱም ይወጣል፤ የመጨረሻው ቀን የሐዋርያት ጾም የሚፈታበት ሐምሌ 5 ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓሳ እንደ ገና ለዓመታት ይዘጋል።

ይህ የቀን አቈጣጠር በዘፈቀደ የተደረገ አለመሆኑን ማስተዋል ይገባል። በየካቲትና በመጋቢት የመኸሩ እህል ተወቅቶ ገብቷል፤ የታችኛው ሣር ደርቋል፤ የቤት ክዳን ደግሞ ክረምት ሳይመጣ መታደስ አለበት። ስለዚህ ሣሩ የሚፈለግበት ጊዜና ሣሩ መታጨድን የሚችልበት ጊዜ አንድ ላይ ይገጥማሉ። አጨዳ ከግጦሽ እንዲቀድም መደረጉም ትልቅ ብልሃት ነው፤ ከብት ቀድሞ ቢገባ ብዙ መንጋ ያለው ሰው ሣሩን ረግጦ ያበላሽበታልና፣ ከብት የሌለው ድኻ ለጎጆው ክዳን ባላገኘም ነበር። በክረምት መዘጋቱ ደግሞ መሬቱ በረጠበ ጊዜ በሰኮና እንዳይቦካ፣ አዲሱም ቡቃያ ሳይጠነክር እንዳይነጭ ያደርጋል። ሕጉን በጾምና በበዓል ቀን ማሰርም ጥቅም ነበረው፤ መቁጠሪያ የሌለው ገበሬ እንኳ ሐምሌ 5ን አይስትም፤ ጓሳን መድፈርም ጾም ከመሻር ጋር በአንድ ዓይን እንዲታይ ያደርጋል።

ሆኖም ያለፈውን ሥርዓት ስናወድስ ሚዛኑን እንዳንስት ያስፈልጋል። አጽመ ርስት የሚያገባ በር እንደ ነበረ ሁሉ የሚያስወጣ በርም ነበር። በዚያው አገር እየኖረ፣ በዚያው ብርድ እየተገረፈ፣ ትውልዱን ከአስቦና ከጌራ መቈጠር ያልቻለ ሰው በጓሳ ላይ ድርሻ አልነበረውም። ቅጣቱም ቢሆን ቤት እስከ ማቃጠል የሚደርስ ሲሆን፣ የጭካኔ መልክ እንዳለው መካድ አይቻልም። እንግዲህ ቄሮ የጸናው ፍጹም ፍትሓዊ ስለ ነበረ አይደለም፤ በውስጡ ያሉት ሁሉ ሕጉን የራሳቸው አድርገው ስለ ቈጠሩት ነው።

ይህ ልዩነት ግልጽ የሆነው በ1967 ዓ.ም. ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት የሚያደርገው አዋጅ ታወጀ። በአዋጁ መሠረት በትውልድ ቈጠራ የሚጠየቅ ርስት ቀረ፤ የመሬት ጉዳይም ለገበሬ ማኅበራት ተሰጠ። ለብዙ ጭሰኛ አዋጁ ነፃነት ነበር፤ በመንዝም ቀድሞ ከጓሳ የተከለከሉት ሰዎች የመጠቀም መብት አገኙ። ነገር ግን ቄሮ ከአጽመ ርስት ጋር እንደ አካልና ነፍስ ተጣምሮ ይኖር ስለ ነበር፣ ርስቱ ሲወድቅ ጥበቃውም አብሮ ወደቀ። የአባ ቄራ ቃል የሚሰማበት ምክንያት ጠፋ። የሁሉም የሆነው መሬት ጠባቂ የሌለው መሰለ፤ ሣሩም ጊዜው ሳይደርስ ይታጨድና ይጋጥ ጀመር።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ለተመራማሪ ይበልጥ ትምህርት የሚሰጥ ነው። የአካባቢው ሕዝብ ጓሳን አልተወውም፤ ከየገበሬ ማኅበሩ የተውጣጣ ኮሚቴ አቋቁሞ፣ የመዝጋትና የመክፈትን ልማድ በአዲሱ ሥርዓት ውስጥ መልሶ ተከለው። አዲሱ ሥርዓት ከአሮጌው የሚለየው በመግቢያው በር ነው፤ ድርሻ የሚገኘው ከአንድ አባት በመወለድ ሳይሆን፣ በአካባቢው በመኖር ነው። በቅጣት ረገድ እንደ አባ ቄራ ዘመን የሚፈራ አልነበረም፤ ቢሆንም የወቅቱ ሕግ ከአጽመ ርስት ተለይቶ ሊኖር እንደሚችል በተግባር አሳየ። በኋለኛው ዘመንም ጓሳ በማኅበረሰቡ የሚጠበቅ ክልል ሆኖ በክልሉ መንግሥት ሕጋዊ ዕውቅናን አግኝቷል።

በውጭ አገር ሊቃውንት ዘንድ ስለ ጋራ መሬት የተነሣው ክርክር ለዚህ ታሪክ ቅርብ ነው። ጋሬት ሃርዲን እ.ኤ.አ. በ1968 ባወጣው በታወቀው ጽሑፉ፣ ሁሉም የሚሰማራበት የግጦሽ መሬት መጨረሻው ጥፋት እንደ ሆነ ተከራከረ። ኤሊኖር ኦስትሮም ግን እ.ኤ.አ. በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ፣ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው ሕግ ሲያወጡ፣ ሲጠብቁና ሲቀጡ የጋራ ሀብት ለብዙ ዘመን ሊጸና እንደሚችል ከልዩ ልዩ አገሮች ምሳሌ አምጥታ አስረዳች፤ እ.ኤ.አ. በ2009ም በኢኮኖሚክስ የኖቤል ሽልማት ከተቀበሉት አንዷ ሆነች። የመንዝ ታሪክ በአንድ ቦታ ላይ ሁለቱንም ያሳየናል፤ በቄሮ ዘመን የኦስትሮምን፣ ከ1967 ዓ.ም. ቀጥሎ በነበሩት ዓመታት ደግሞ የሃርዲንን። መሬቱ ያው መሬት፣ ሣሩም ያው ሣር ሲሆን፣ የተለወጠው በመካከሉ የነበረው ሕግ ብቻ ነው። እንግዲህ ሃርዲን የገለጸው የጋራ መሬትን ጠባይ ሳይሆን፣ ሕጉ የፈረሰበትን መሬት ጠባይ ነው ለማለት እንደፍራለን።

ከዚህም የምንረዳው ይህ ነው፤ አንድን ጥንታዊ ልማድ የሚሽር አዋጅ ሲወጣ፣ በልማዱ ውስጥ ሁለት ነገሮች ተጣምረው መኖራቸውን አስቀድሞ መመርመር ያሻል፤ አንደኛው ማን ይካፈል የሚለው፣ ሁለተኛው መቼና እንዴት ይካፈል የሚለው ነው። የመጀመሪያውን ማሻሻል ተገቢ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በብዙ ትውልድ ልምድ የተገኘ ዕውቀት ስለ ሆነ፣ አንዴ ከፈረሰ መልሶ ለማቆም ዓመታት ይፈጃል። በልዩ ልዩ አውራጃ የሚገኙት የመስኖ ተራ፣ የግጦሽ ክልልና የቤተ ክርስቲያን ደን ሥርዓቶችም በዚሁ ዓይን ሊጠኑ ይገባቸዋል። የሚያውቋቸው ሽማግሌዎች ሳያልፉ ቃላቸውን መዝግቦ ማስቀመጥ የዚህ ትምህርት ተማሪዎች ሁሉ ግዴታ ነው።