ጉልበት ያለውና ጉልበት የሌለው

በቀድሞው ዘመን አዋጅ የሚደርሰው በጆሮ ነበር። ነጋሪት ተጎስሞ ገበያተኛው ጸጥ ሲል፣ አዋጅ ነጋሪው ያልሰማ እንዲሰማ፣ የሰማም ላልሰማ እንዲያሰማ ያሳስባል። ገና ከጥሪው ነገሩ በተቃራኒ ጥንዶች የተሠራ ነው። ወረቀት ያልያዘ ሰው ቃሉን ሳይጥል ቤቱ የሚገባው አንዱ ጎን ሌላውን ሲያስታውሰው ነውና።

ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ.ም. ያስነገሩት የዘመቻ አዋጅ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ንጉሡ ሕዝቡን የበደሉት እንደማይመስላቸው፣ ሕዝቡም እሳቸውን እንዳላስቀየማቸው አስቀድመው ይናገራሉ። በዚህች ሚዛን ላይ ንጉሥና ገበሬ ለአፍታ ትይዩ ይቆማሉ። ቀጥለውም ጉልበት ያለው በጉልበቱ፣ ጉልበት የሌለው ደግሞ ለልጁ፣ ለሚስቱና ለሃይማኖቱ ሲል በኀዘኑ እንዲረዳቸው ይጠይቃሉ። ልብ እንበል፤ «ያለው» እና «የሌለው» ቢቃረኑም ሁለቱም የሚያርፉት «እርዳኝ» በሚል አንድ ግሥ ላይ ነው። ጦር የሚያነሣው ጎልማሳም፣ ከቤት የምትቀረው አሮጊትም ድርሻ አላቸው።

አዋጁ ልመና ብቻ አልነበረም። ወስልቶ የሚቀረውን ያለ አማላጅ እንደሚቀጡት ንጉሡ ዝተዋል። ጠላት የተባለው ግን ባሕር ተሻግሮ የመጣው ነበር። የሸዋ ሰው እስከ ጥቅምት እኩሌታ ወረኢሉ እንዲከት ታዘዘ፤ የካቲት 23 ቀን ዐድዋ ላይ የሆነውን ሁላችንም እናውቃለን።

ከሰማንያ ዓመት በኋላ ያው መሣሪያ ለሌላ ሥራ ዋለ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. ተራማጅና አድኃሪ፣ አብዮተኛና ፀረ አብዮተኛ፣ ቀይ ሽብርና ነጭ ሽብር የሚሉት ጥንዶች በራዲዮ፣ በጋዜጣና በቀበሌ ስብሰባ ይደጋገሙ ነበር። እዚህ ሁለቱ ጎኖች የሚገናኙበት ግሥ አልነበረም። ጠላት የሚፈለገው በጎረቤት ጓዳ፣ አልፎ ተርፎም በገዛ ልጅ አልጋ ሥር ሆነ። «ፀረ» የምትባለው ባለ ሁለት ፊደል ቃል የተለጠፈችበት ወጣት በማግስቱ አስከሬኑ መንገድ ዳር ሊገኝ ይችል ነበር። በሺህ የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ልጆቻቸውን በዚያ መከፋፈል ውስጥ አጥተዋል።

ተቃርኖ ንግግር ያሳምራል፤ ይህን የቅኔ ተማሪም ያውቀዋል። ውድ አንባቢ፣ ሁለት ጎን ያለው ንግግር አምሮ ሲመጣልን ከማጨብጨባችን በፊት አንድ ጥያቄ ብንጠይቅ አይከፋም። መጨረሻው ላይ ያለውንም የሌለውንም የሚያቅፍ ግሥ አለ ወይ?