ጸሐፌ ትእዛዝ እና ጸሐፊዋ

አማርኛችን አንዳንዴ ለብዙ ሰው አንድ ስም አውጥቶ ያርፋል። «ጸሐፊ» የሚለውን ቃል ውሰዱ። ብራና ፍቆ፣ ቀለም በጥብጦ ዳዊት የሚገለብጠው ሰው ቁም ጸሐፊ ነው። ልቦለድ የሚደርሰውም ጸሐፊ ነው። የተባበሩት መንግሥታትን ድርጅት የሚመራው ዋና ጸሐፊ ነው። ከሥራ አስኪያጁ በር ውጭ ተቀምጣ ስልክ የምታነሣው፣ ደብዳቤ የምታዘጋጀው፣ ባለጉዳይ የምታስተናግደው ልጅም ጸሐፊ ናት። ስለ እሷ ስናወራ ግን አንዲት ትንሽ ቃል ጣል እናደርጋለን። «ልጅሽ ምን ተማረች?» «ሴክሬታሪያል ሳይንስ።» «እሱን ብቻ?» ይህቺ «ብቻ» ከየት መጣች? እንግዲህ ዛሬ የማወጋችሁ የእሷን ታሪክ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንጀምረው። በድሮው የቤተ ክህነት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ተያይዘው አይሄዱም ነበር። ዳዊት የሚደግም ሁሉ ይጽፋል ማለት አይደለም። ጽሕፈት የራሱ መምህር፣ የራሱ መሣሪያ፣ የራሱ ልፋት ያለው ሙያ ነበር። ብራናው ከቆዳ ይዘጋጃል፣ ይሰመራል፤ ብርዑ ይቀረጻል፤ ጥቁሩ ቀለም ለነገሩ፣ ቀዩ ለከበረው ስም ይለያል። ሙያው ይከበራል፣ ትንሽም ይፈራል፤ ክታብ የሚጽፍ እጅ ሌላም ነገር አያጣውም ተብሎ ይጠረጠራልና።

ቤተ መንግሥት ሲገባ ደግሞ ጽሕፈት ሥልጣን ይሆናል። ንጉሥ ይናገራል፤ ቃሉን ወደ ወረቀት የሚያወርደውና የሚያስተላልፈው ጸሐፌ ትእዛዝ ነው። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሚኒስትሮችን ሲሾሙ የጽሕፈት ሚኒስትርነቱን ለጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ሰጡ። የንጉሡን ታሪክ የጻፉትም እኚሁ ሰው ናቸው። ከነጻነት በኋላ ከ1933 እስከ 1947 ዓ.ም. በዚያ ወንበር የተቀመጡት ጸሐፌ ትእዛዝ ወልደ ጊዮርጊስ ወልደ ዮሐንስ፣ ከንጉሠ ነገሥቱ ቀጥሎ የሚፈሩ ሰው ነበሩ። አክሊሉ ሀብተ ወልድም ጠቅላይ ሚኒስትር ሆነው ሳለ ማዕረጋቸው ጸሐፌ ትእዛዝ ነበር። ልብ በሉ፤ በዚያ ዘመን አንድን ሰው ጸሐፊ ብሎ መጥራት ከፍ ማድረግ እንጂ ዝቅ ማድረግ አልነበረም።

ከዚያ መኪናው መጣ። የጽሕፈት መኪና ለላቲን ፊደል ተሠርቶ ነው ወደ እኛ የደረሰው። ሃያ ስድስት ፊደል ላለው ሕዝብ ነገሩ ቀላል ነው። የእኛ ግን ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹን ሳንቆጥር። ይህን ሁሉ ሠራዊት አርባ ምናምን ቁልፍ ላይ ማን ያሰልፈው? ከጣልያን ወረራ በፊት ይህን ጥያቄ ይዘው ከታገሉት ሰዎች መካከል ስማቸው ቀድሞ የሚነሣው ኢንጂነር አያና ብሩ ናቸው። መፍትሔው ፊደሉን ግንድና ቅጥያ አድርጎ መክፈል ነበር። ጸሐፊዋ መጀመሪያ ግንዱን ትመታለች፤ ቀጥላ የካዕቡን ወይም የሣልሱን ቅጥያ ታስከትላለች። በድሮ ደብዳቤ ላይ ፊደሎቹ እግራቸው ተሰብሮ በወጌሻ የታሰሩ የሚመስሉት ለዚህ ነው። የአማርኛ ኦሊቬቲ ላይ የሠሩ እናቶቻችንና እህቶቻችን አንድ ቃል ለመጻፍ ስንት ጊዜ ይመቱ እንደነበር የሚያውቁት እነሱና ጣቶቻቸው ብቻ ናቸው።

መኪናው ከተገኘ መቺ ያስፈልገዋል። የአዲስ አበባ ንግድ ሥራ ትምህርት ቤት በ1935 ዓ.ም. የተቋቋመው ይህ ችግር አፍጥጦ በመጣበት ጊዜ ነው። ጣልያን ከወጣ ገና ሁለት ዓመቱ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የአቢሲኒያ ባንክ በግብጽ ብሔራዊ ባንክ የሚመራ የውጭ ሰዎች ቤት ነበር። አሁን ግን የኢትዮጵያ መንግሥት ባንክ ሥራ ጀመረ፤ በ1938 ዓ.ም. አየር መንገዱ ተመሠረተ፤ ቴሌኮሙኒኬሽኑም ተከተለ፤ ሚኒስቴሮቹ በዙ። እነዚህ ሁሉ ሒሳብ የሚይዝ፣ ደብዳቤ የሚጽፍ፣ ፋይል የሚያደራጅ ሰው ፈለጉ። ንግድን የአርመን፣ የግሪክ፣ የህንድና የአረብ ሥራ አድርጎ ይቆጥር ለነበረ የአገራችን መኳንንት፣ የመዝገብ አያያዝ ትምህርት ብዙ ክብር ያለው ነገር አልነበረም። ቢሆንም ልጆች ተመዘገቡ። ብዙ ሰው «ኮሜርስ» እያለ የሚጠራው ሰንጋ ተራ አካባቢ የነበረው ያ ትምህርት ቤት በኋላ ኮሌጅ ሆነ፤ ቆይቶም ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተቀላቀለ።

ወደዚህ ትምህርት የሚመጣው ማን ነው? ብዙውን ጊዜ መሬትም የስም አባትም የሌለው ነው። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። የታይፕ ፈተና በአገራችን ዘመድ ብዙም ሊረዳባቸው ከማይችሉ ጥቂት ፈተናዎች አንዱ ይመስለኛል። ወረቀቱ ተሰጥቷል፤ ሰዓቱ ተይዟል፤ በደቂቃ ስንት ቃል እንደመታሽና ስንቱን እንዳሳሳትሽ ይቆጠራል። መኪናው የማን ልጅ ነሽ ብሎ አይጠይቅም። ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል በኋላ ዩኒቨርሲቲ ላልገባች፣ ባል ካልሆነ በቀር ሌላ መውጫ ላልታያት ልጅ፣ ያ የአሥር ጣት ፈተና የራሷ ደመወዝ በር ነበር። በዚያ ደመወዝ ስንት ታናሽ ወንድም ተምሮ ኢንጂነርና ሐኪም እንደሆነ ቤት ለቤት ዞሮ የሚቆጥር ቢገኝ ጥሩ ነበር። ወንድም ሲመረቅ ፎቶው ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ክፍያውን የከፈለችው «ጸሐፊ ብቻ» ናት።

ታዲያ ሙያው የሴት ሲሆን ማዕረጉ ለምን ወረደ? ይህ የእኛ ጉድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። አሜሪካን አገር በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን የንግድ ቤት ጸሐፊ ማለት ነገ ሸሪክ እሆናለሁ ብሎ ሥራ የሚለምድ ወጣት ወንድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1874 ጠመንጃና የልብስ ስፌት መኪና ይሠራ የነበረው ሬሚንግተን የተባለ ኩባንያ የጽሕፈት መኪና ለገበያ አቀረበ። የመጀመሪያው ሞዴል አበባ የተሳለበት፣ በስፌት መኪና ጠረጴዛ ላይ የተቀመጠ፣ መስመር ለመመለስ በእግር የሚረገጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1870 ከአገሪቱ አጭር ጽሕፈት ጸሐፊዎችና ታይፒስቶች መካከል ሴቶቹ ከመቶ አምስት አይሞሉም ነበር። በ1930 ከመቶ 95 ያህሉ ሴቶች ሆኑ። በዚያው ልክ ወደ ሸሪክነት ይወስድ የነበረው መሰላል ተነሣ። ሴት ስለገባች ነው ደመወዙ የወረደው ወይስ ደመወዙን ለማውረድ ነው ሴት የተቀጠረችው? ዶሮዋን ከእንቁላሏ እንደመለየት ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ ሥራው በር ላይ ቀረ፣ ሥልጣኑ ወደ ውስጥ ገባ።

አሜሪካኖቹ ግን በሌላ በኩል አንድ መልካም ነገር ሠርተዋል፤ እሱን ሳልናገር ባልፍ ቅር ይለኛል። እ.ኤ.አ. በ1901 ኢሊኖይ ውስጥ ጆሊየት በምትባል ከተማ ስድስት ተማሪ ይዞ አንድ ኮሌጅ ተከፈተ። ሐሳቡ ቀላል ነው፤ ከቤቱ ርቆ ሄዶ መማር የማይችል ልጅ የዩኒቨርሲቲን የመጀመሪያ ሁለት ዓመት እዚያው ሰፈሩ ይማር፤ ከፈለገ ቀሪውን ዩኒቨርሲቲ ገብቶ ይቀጥል። ፕሬዚዳንት ትሩማን ያቋቋሙት ኮሚሽን በ1947 «ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ» የሚለውን ስም አስፋፋ፤ ኮሌጆቹም በየአካባቢው ፈሉ። ሒሳብ አያያዝ፣ የቢሮ ሥራ፣ የንግድ ደብዳቤ፣ ኋላም ኮምፒውተር በየማታው የሚማርባቸው ቤቶች እነዚህ ናቸው። ተማሪው ልጅ ያላት እናት፣ ከጦር ሜዳ የተመለሰ ወታደር፣ ትናንት የገባ ስደተኛ ነው። ዋሽንግተን ዙሪያ ዘመድ ያለው አንባቢ ሜሪላንድ ያለውን ሞንትጎመሪ ኮሌጅን ወይም ቨርጂኒያ ያለውን ኖቫን ስማቸውን ሳይሰማ አይቀርም። ከእኛ ሰው ብዙው ታክሲውን አቁሞ፣ ከፓርኪንጉ ወይም ከሆቴሉ ፈረቃውን ጨርሶ እዚያ ይማራል።

አንዲት የቀድሞ ተማሪዬ ከዚህ በሥነ ጽሑፍ ዲግሪ ይዛ ሄዳ እዚያ የሒሳብ አያያዝና የቢሮ ሥራ ኮርስ ከዜሮ ጀመረች። «መምህር፣ በደብዳቤዬ ትስቁብኝ ይሆናል» ብላ ጻፈችልኝ፤ «እዚህ ግን ማንም ብቻ አላለኝም።» ከሁለት ዓመት በኋላ የወሰደቻቸው አብዛኞቹ ኮርሶች ተቆጥረውላት ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ተሻገረች። የሁሉም ሰው ኮርስ እንዲህ አይቆጠርም፤ እዚያም የሙያ ሰርተፍኬት ብዙ ጊዜ መንገድ ላይ ይቀራል። ቢሆንም መሰላሉ ቆሟል፤ ወደ ላይ የሚያይ ሰው የቱን እርከን እንደሚረግጥ ያውቃል።

ወደ አገራችን ልመለስ። ሳስተምር በነበረበት ዲፓርትመንት አንዲት ጸሐፊ ነበሩ። ሁላችንም «እትዬ» እንላቸው ነበር። የፈተና ወረቀት በስቴንስል መትተው፣ በማባዣ መኪና ያባዛሉ፤ ማታ እጃቸው እስከ ክርናቸው በቀለም ጠቁሮ ይወጣሉ። ፈተናው ከመድረሱ በፊት ጥያቄውን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ስለነበሩ ስንቱ ተማሪ ደጅ እንደጠናቸው አይነገርም፤ አንድም ቀን አንዲት ጥያቄ አልወጣችም። የዲፓርትመንት ኃላፊ ይሾማል፣ ይሻራል። አዲሱ ሲመጣ የመጀመሪያውን ሳምንት የሚያስተምሩት እሳቸው ናቸው። ደብዳቤ ለማን በማን በኩል እንደሚሄድ፣ ግልባጭ ለማን እንደሚደረግ፣ የዛሬ ስንት ዓመት ምን ተወስኖ እንደነበር ይነግሩታል። እኛ የሥነ ጽሑፍ ሰዎች የምንጽፋት ደብዳቤ ረዝማ፣ ተጠማዛ፣ ግሥዋ ከመጨረሻው መስመር ጠፍታ ትደርሳቸዋለች። «ጉዳዩ» በሚለው ሥር ሦስት ዐረፍተ ነገር አድርገው ይመልሱልናል፤ ምንም አይጎድላትም። «ይድረስ ከ…» ብሎ ጤና ከሚጠይቀው ከአያቶቻችን ደብዳቤ ወደ «ጉዳዩ» የተሻገርነው እንዲህ ባሉ ሰዎች ጣት ነው። የአማርኛ የጽሕፈት ታሪክ ሲጻፍ ደራስያኑ እንጂ እነሱ አይገቡም። የስንቱ ደራሲ ረቂቅ የመጀመሪያ አንባቢ ግን ታይፒስቷ ነበረች!

እትዬ ጡረታ ሲወጡ የሥራ መደባቸው መጠሪያ ሲቀጠሩ ከነበረው ብዙም አልተለየም። ሽኝት ተደርጎላቸው አንድ ጋቢ ተሸለሙ። በሳምንቱ አንድ የቆየ ቃለ ጉባኤ ጠፋብንና ቤታቸው ስልክ ተደወለ። የትኛው ቁም ሣጥን፣ የትኛው መደርደሪያ፣ የትኛው ሰማያዊ ፋይል እንደሆነ ከአልጋቸው ሆነው ነገሩን። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንላለን። የሚወረሰውን ማን አስቀምጦ እንደጠበቀው ተረቱ አይናገርም።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተለውጧል። ኮምፒውተር ግንድና ቅጥያውን አስቀርቷል፤ አለቃውም የራሱን ደብዳቤ በሁለት ጣት ይለቅማል። የግል ኮሌጆች እንደ አሸን ሲፈሉ ሴክሬታሪያል ሳይንስ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጣ፤ ኋላም ስሙ እየተቀየረ «የቢሮ አስተዳደር» እና የመሳሰለው ሆነ። ስም መቀየር ክፉ አይደለም። ነገር ግን ብዙ ቦታ ትምህርቱ ጥቂት ሶፍትዌር መነካካት ሆኖ፣ ደብዳቤ መንደፍ፣ ቃለ ጉባኤ መያዝ፣ መዝገብ ማደራጀትና ምስጢር መጠበቅ ወደ ጎን ተገፍቷል። ባለጉዳይ ሆኖ «ፋይልዎ አልተገኘም» የተባለ ሰው የዚህን ዋጋ ለማወቅ የእኔን ምክር አይሻም።

እኔ የምለው እንዲህ ነው። ሠላሳ ዓመት አንድን መሥሪያ ቤት በጭንቅላቷ ይዛ የኖረች ሰው የመዝገቡ ወይም የአስተዳደሩ ኃላፊ የምትሆንበት እርከን ከደመወዝ ስኬሉ ላይ ይኑር። ዲፕሎማ ይዛ የመጣች ልጅ ዲግሪ ለመያዝ ስታስብ የተማረችው ይቆጠርላት፤ ከደመወዟ ቆርሳ በማታ ክፍል አንዱን ኮርስ ሁለቴ አትማር። እስከዚያው ደግሞ ቢያንስ አንድ ነገር ከእጃችን አይጠፋም። ባለጉዳይ ሆነን ስንሄድ «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለን ልጅ ላይ እንጮኻለን። ቃሉ የእሷ አይደለም፤ በውስጥ ያለው ሰውዬ ያዘዛት ነው። ትእዛዙን ተቀብላ የምታስተላልፈው እሷ ናት። ይህን ሥራ የሚሠራ ሰው በአያቶቻችን ዘመን ምን ተብሎ ይጠራ እንደነበር ከላይ ተናግሬአለሁ።