ለእንግዳው መኝታ የከፈለው ማን ነው? ከድርጎ እስከ አዋሽ የባቡር ሆቴል





የታሪክ መጻሕፍታችን ስለ ዘመቻ፣ ስለ ሹመትና ስለ ውል ብዙ ይነግሩናል። መንገደኛው በመሸበት ጊዜ የት እንዳደረ፣ ራቱን ማን እንዳቀረበለት፣ ወጪውንም ማን እንደ ሸፈነ ግን እምብዛም አይጠይቁም። እኔ ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ በምዕራብ ሐረርጌና በአዋሽ መካከል ባለው መንገድ ላይ አነሣለሁ። ምክንያቴም ቀላል ነው፤ የእንግዳን ራት ማን እንደ ከፈለ የሚያውቅ ሰው የዚያን ዘመን ሥርዓት ግማሹን ዐውቋል።

መልክዐ ምድሩን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከምትገኘው ከጭሮ ተነሥቶ ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ከጨርጨር ተራሮች ወደ ሚኤሶ ይወርዳል፤ በአሰቦትና በቦርደዴ በኩል ቆላውን አቋርጦም አዋሽ ይደርሳል። በዚያች ከተማ፣ ወንዙ ምድርን ሰንጥቆ ከሚያልፍበት ታላቅ ገደል ብዙም ሳይርቅ፣ ከአሮጌው የባቡር ጣቢያ አጠገብ «ቡፌ ዳዋሽ» የተባለ ሆቴል አለ። በፈረንሳዮች የባቡር ቋንቋ «ቡፌ» የጣቢያ ምግብ ቤት ማለት ነው፤ የአዲስ አበባ ለገሃሩ ቡፌ ደ ላ ጋርም ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው። እኔም በአንድ ጉዞዬ በዚህ ቤት አድሬአለሁ። ሰፊ በረንዳውና በቦገንቪሊያ የተሸፈነው ግቢው ዐይን ይማርካሉ። የታሪክ ተማሪ ግን ከውበቱ ቀጥሎ ሊጠይቀው የሚገባ ነገር አለ፤ እንዲህ ያለ ቤት በዚህ በረሓ ውስጥ ስለ ምን ተሠራ?

መልሱን ለማብራት ከሩቅ አገር አንድ ማነጻጸሪያ ልዋስ። በምዕራብ ኖርዌይ፣ ባሕር በተራሮች መካከል እጅግ ገብቶ በተኛባቸው ሸለቆዎች፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ታላላቅ ሆቴሎች ተሠርተዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1891 የተሠራው ዩኒየን ኦዬ አንዱ ነው። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዳግማዊ ቪልሄልም በዚያ አገር በየበጋው የሚዝናና ሰው ነበር። ወደዚያ በእንፋሎት መርከብ የሚመጣው እንግዳ መድረሻው ራሱ መልክዐ ምድሩ ነው፤ ሆቴሉም የተሠራው ተራራውን ሊያይ ለመጣ ሰው ነው። የአዋሹ ቤት ግን ገደሉን ሊያዩ ለመጡ ሰዎች አልተሠራም። እንግዶቹ መንገድ ላይ የመሸባቸው ሰዎች ነበሩ።

ከባቡሩ በፊት በዚህ አገር መንገደኛ እንዴት ያድር እንደ ነበር እንመልከት። ተራው ነጋዴ ከሲራራው ጋር ይሰፍራል፤ ወይም «የመሸብኝ የእግዜር እንግዳ» ብሎ ከሰው ደጅ ይቆማል። የንጉሥ ደብዳቤ የያዘው መልእክተኛ ወይም የውጭ አገር ሰው ግን ድርጎ ይቀርብለታል። ድርጎ ማለት እንጀራው፣ በጉ፣ ማሩ፣ ጠጁና የበቅሎው ገብስ ነው፤ ትእዛዙን ሹሙ ይቀበላል፣ ስንቁን ግን የሚያዋጣው ባላገሩ ነው። የውጭ አገር ተጓዦች በመጻሕፍታቸው ስለዚህ ሥርዓት ሲጽፉ አብዛኛውን ጊዜ የሚያመሰግኑት ያዘዘላቸውን መኳንንት ነው። በጉ የተነዳበት ገበሬ በመጽሐፉ ውስጥ ስም የለውም።

እ.ኤ.አ. በጥር 1887 ከጨለንቆ ጦርነት በኋላ ሐረርጌ በምኒልክ ግዛት ሥር ስትገባ፣ ይህ ሸክም በኢቱና በሌላውም የኦሮሞ ገበሬ ላይ ከገባርነት ጋር ተደርቦ ወረደ። ወታደሩን የመቀለብና ሹሙን የማስተናገድ ግዴታ ለአንድ ቀን የሚደረግ እንግዳ ተቀባይነት አልነበረም፤ የዘወትር ዕዳ ነበር። ስለዚህ «ኢትዮጵያዊ እንግዳ ተቀባይ ነው» የሚለውን የተለመደ አነጋገር ስንሰማ ሁለት ነገሮችን ልንለይ ይገባል፤ በፈቃድ የተከፈተ ቤት አንድ ነው፣ በትእዛዝ የተከፈተ ጎተራ ሌላ ነው።

የባቡሩ ነገር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። ምኒልክ ለአልፍሬድ ኢልግ የባቡሩን ፈቃድ የሰጡት እ.ኤ.አ. በ1894 ነው። ሐዲዱ በ1902 ከጅቡቲ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ወደ ሐረር ተራራውን መውጣት ከባድ ወጪ ስለሚጠይቅ ሐረርን ትቶ አለፈ። ከኩባንያው ኪሳራና ከአዲሱ ኩባንያ መቋቋም በኋላ ሥራው ቀጥሎ በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በዚህም ጊዜ ሐዲዱ የጨርጨርን ደጋ በግራ ትቶ በቆላው በኩል ነበር የተዘረጋው። 784 ኪሎ ሜትር የሚሆነው ይህ መንገድ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ሦስት ቀን ይፈጅ ነበር፤ ባቡሩ በጨለማ ስለማይሄድ አንዱ ሌሊት በድሬዳዋ፣ ሌላው በአዋሽ ይታደር ነበር። የአዋሽን ሆቴል የወለደው ይህ ማደር ነው።

በዚያ ሆቴል የተለወጠው ነገር አልጋው ብቻ አይደለም። መንገደኛው ለራቱና ለመኝታው ከኪሱ አውጥቶ መክፈል ጀመረ። በድርጎ ዘመን የእንግዳውን ክብር የሚወስነው የያዘው ደብዳቤ ነበር፤ በሆቴሉ የያዘው ገንዘብ ሆነ። ይህ ታላቅ ለውጥ ነው፤ ነገር ግን አናጋንነው። ገንዘብ የሌለው መንገደኛ ከሆቴሉ ደጅ ውጭ ነበር፤ ባቡሩ በማይደርስበት ደጋም የቆየው ግዴታ በአንድ ጀንበር አልቀረም። የገባሩን ሥርዓት በሕግ የናዱት ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ የወጡት የመሬት ግብር አዋጆች ናቸው።

በዚህ መካከል የራሳችን ከተማ ልዩ ስፍራ አላት። ጭሮ በራስ ተፈሪ ስም አሰበ ተፈሪ ተብላ የጨርጨር ዋና ከተማ ስትሆን፣ አውራጃው «አርአያ» እንዲሆን ታስቦ ነበር። በፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም፣ በኋላም በሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አስተዳደር የተሞከረው የአስተዳደርና የግብር ማሻሻያ፣ ገበሬው የሚከፍለው እንዲታወቅና በሹሙ ፈቃድ ብቻ እንዳይወሰን ያለመ ነበር። ሁለቱም ሰዎች በውጭ አገር የተማሩ ነበሩ። በእኔ አስተያየት በቆላው የሆቴሉ ሒሳብ፣ በደጋው የአሰበ ተፈሪ የግብር ማሻሻያ የአንድ ዘመን ጥያቄ ሁለት ገጾች ናቸው፤ ጥያቄውም የመስተንግዶና የአገዛዝ ወጪ በማን ጫንቃ ላይ ይውደቅ የሚል ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ። የባቡሩ ፍጥነት ሲጨምር የአዋሽ ሌሊት አስፈላጊነቱ ቀነሰ። በተራሮቹ ላይ የሚያልፈው የመኪና መንገድ መንገደኛውን ወደ ጭሮ፣ ወደ ሂርናና ወደ ቁልቢ አወጣው። አሮጌው ባቡር በአዲስ አበባና በድሬዳዋ መካከል መሄዱን አቆመ። እ.ኤ.አ. በ2016 የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር በሚኤሶ ጣቢያ ቢኖረውም፣ መንገደኛውን መንገድ ላይ አያሳድረውም። ሆቴሉን የወለደው መቆም ስለ ነበር፣ መቆሙ ሲቀር ሆቴሉ የታሪክ ቅርስ ሆነ።

ቅርሱን መጠበቅ ይገባል እላለሁ። ነገር ግን የምንጠብቀው በረንዳውንና አበባውን ብቻ ከሆነ፣ የጎበኚውን ደስታ ጠብቀን ታሪኩን እንጥላለን። ስለዚህ ለእናንተ ለተማሪዎች አንድ ሥራ ልተውላችሁ። በሚኤሶ፣ በአሰቦት፣ በቁኒና በገለምሶ ያሉ አረጋውያን ከወላጆቻቸው የሰሙትን ጠይቁ፤ እንግዳ ሲመጣ ከየቤቱ ምን ይወጣ እንደ ነበር፣ ማን ያዝዝ እንደ ነበር፣ እምቢ ያለስ ምን ይደርስበት እንደ ነበር መዝግቡ። የሆቴሉ እንግዶች ትዝታቸውን በመጻሕፍት አኑረዋል። ከሆቴሉ በፊት እንግዳውን ያበላው ገበሬ ግን የጻፈው የለም፤ የእርሱ ምስክርነት ያለው በልጅ ልጆቹ አፍ ነው፤ እነርሱም እያረጁ ነው።