ከአንድ ደጋ የወረዱ ውሆች

እስቲ ጠጋ በሉ፤ ከጎጃሙ የሰከላ ደጋ ስለሚወርዱት ውሆች ላውጋችሁ።

የዓባይን ምንጭ፣ ግሽ ዓባይን፣ ታውቁታላችሁ። እስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ እ.ኤ.አ. በ1618 ዓ.ም. ምንጩ ድረስ መጥቶ አየው። ከመቶ ሃምሳ ሁለት ዓመት በኋላ ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1770 ደርሶ «ቀዳሚው እኔ ነኝ» ብሎ ፎከረ። አገሬው ስንት ዘመን ሲጠጣው፣ ሲጠመቅበት የኖረውን! በምንጩ አጠገብ ባለው ገዳም የሚተረከው ግን የሌላ ሰው ታሪክ ነው። አቡነ ዘርዐ ብሩክን ሊያስሩ በመጡ ጊዜ፣ ጻድቁ መጻሕፍታቸውን ለምንጩ አደራ ሰጡ። ከእስር ሲመለሱ ውሃው አንዲት ቅጠል ሳያርስ መለሰላቸው።

ከዚህ ምንጭ ተነሥቶ ግልገል ዓባይ ወደ ሰሜን ይነጉዳል፤ ወደ ጣና ሐይቅ ከሚገቡት ወንዞች የሚበልጠው እሱ ነው። የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ውሃ ግን ጣናን አያይም። ወንዞቹ እነ ብርና ፈጠም ለሐይቁ ጀርባቸውን ሰጥተው በደቡብ በኩል ቆላ ይወርዳሉ። የሰሜኑ ውሃ በባሕር ዳር ወጥቶ፣ በጢስ ዓባይ ተወርውሮ፣ ጎጃምን በምሥራቅ ዞሮ ሲመጣ ዓባይ በረሃ ውስጥ ይገናኛሉ።

ወደ ሰሜኑ እንመለስ። ግልገል ዓባይ ሐይቁ አፍ ሲደርስ ረግረጉ ይቀበለዋል። ደንገሉና ፊላው ጎርፉን ያበርዳል፣ ደለሉን ያስቀራል። ዓሣው እዚያ ይራባል፤ ደንገሉ ታጭዶ ታንኳ ይሆናል። ዩኔስኮ በ2007 ዓ.ም. ጣናንና ዙሪያውን፣ ወደ 700 ሺህ ሄክታር የሚጠጋውን፣ በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት መዘገበ። ደስ ይላል፤ ጎርፍ ግን መዝገብ አያነብም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ የተባለው አረም ሐይቁ ላይ ታየ፤ ከዚያ ወዲህ ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅል ከረመ። አረሙን የሚያሰባው ከማሳችን ታጥቦ የሚወርደው አፈርና ማዳበሪያ ነው።

ደለሉን ቀድሞ የሚያስቀረው ደግሞ በምንጩ አካባቢ ያለው የላይኛው ጨፌ ነበር። አሁን ጠርዙ እየታረሰ፣ ምንጩ ራስ ላይ ባሕር ዛፍ እየቆመ ነው። ገበሬውን አልፈርድበትም፤ መሬቱ ጠባብ ነው፣ አጣናው ገንዘብ ያመጣል። ግን ባሕር ዛፍ ውሃ ይጠጣል፤ በበጋ ከብቱን የሚያጠጣው ጨፌ ሲደርቅ ቀድሞ የሚቸገረው የዚያው የገበሬው በረት ነው።

እናንተ የሰከላም፣ የሜጫም፣ የቡሬም ሰዎች፤ ባሕር ዛፉን ከምንጩ ራስ አርቃችሁ ትከሉ፣ ጨፌውንም ማረሻ አታስነኩት።