ሆቴል ማናጀር ከየት ይመጣል?

አንድ የድሮ ተማሪዬ «መምህር፣ ሆቴል ማናጀር ለመሆን ምን ልማር?» ብሎ በውስጥ መስመር ጠየቀኝ። መልሱ ለብዙዎቻችሁ ስለሚጠቅም እዚሁ ልጻፈው። ትንሽ ታሪክ አለውና ታገሱኝ።

በአገራችን እንግዳ መቀበል የቆየ ነው። ለምግብና ለመኝታ ሂሳብ መጠየቅ ግን ነውር ነበር። እቴጌ ጣይቱ በ1900 ዓ.ም. ገደማ ሆቴላቸውን ሲከፍቱ መኳንንቱ ከፍሎ መብላትን አፍረው፣ አጼ ምኒልክ ራሳቸው ይዘዋቸው ሄደው አስለመዷቸው ይባላል። ማናጀር ማለት ያኔ የተጋቡትን ሁለት ነገሮች፣ እንግዳ ተቀባይነትንና ሂሳብን፣ አንድ ላይ የሚይዝ ሰው ነው።

እኛ አቃቂ ቃሊቲ ያለን ሰዎች ይህን ለማየት ፒያሳ መሄድ አያስፈልገንም። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የገባው በአቃቂ በኩል ነው፤ የጅቡቲ መኪናም የሚያልፈው በዚሁ ነው። በመንገዱ ዳር አልጋ የሚያከራዩ እናቶች የትኛው ሹፌር ዱቤ እንደሚከፍል፣ ስንት ኪሎ ሥጋ እንደሚበቃ፣ አንሶላው መቼ እንደሚታጠብ በቃላቸው ያውቁ ነበር። ማናጀር ብሎ የጠራቸው ግን የለም።

ትምህርት ቤቱ የመጣው በኋላ ነው። ሂልተን አዲስ አበባ በ1962 ዓ.ም. ሲከፈት፣ በዚያው ሰሞን የሆቴልና ቱሪዝም ማሠልጠኛውም ተቋቋመ። እንግዳ አቀባበል፣ መስተንግዶ፣ ምግብ ዝግጅትና የክፍል አያያዝ በወግ የሚሰጡ ትምህርቶች ሆኑ። ሙያው ክብር አገኘ። ወረቀት የሌለው ባለሙያ ግን ውጭ ቀረ። ስሙን በማልጠራው አንድ ሆቴል አዲስ የመጣውን ሱፐርቫይዘር ሁሉ የምታሠለጥን፣ እሷ ግን ለዓመታት ያላደገች ሴት አውቃለሁ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ። በቴክኒክና ሙያ ሥርዓታችን የሲኦሲ ምዘና የሚያየው መሥራት መቻልህን እንጂ የት እንደተማርክ አይደለም። ሥራ ላይ የለመደም መመዘን ይችላል።

ስለዚህ መልሴ ይኸውልህ፦ ቢያንስ ሦስት የሥራ ክፍል ውስጥ ከታች ጀምረህ ሥራ። የወጪ ቁጥጥርና ኤክሴል ተማር፤ ብዙ ሆቴል የሚከስረው በእንግዳ እጦት ብቻ ሳይሆን ከስቶር በሚወጣ ዕቃም ነው። እንግሊዝኛህን አሻሽል፤ ለእኛ ሰፈር ደግሞ አፋን ኦሮሞ ጨምርበት። ከዚያ በሌቭል ተመዘን፣ ስትችል ዲግሪውን ቀጥል።

ወረቀት የሌላችሁ ባለሙያዎች፣ ሂዱና ተመዘኑ። ወረቀት ያላችሁ ደግሞ ትሪ ያዙ። ይህን ማንበብ ያለበት ሰው ካወቃችሁ ታግ አድርጉት።