ጌሊክና እኅቶቹ ቋንቋዎች

ጌሊክን ለመማር የሚነሣ አማርኛ ተናጋሪ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያስደንቀው የግስ ሥፍራ ነው። በእኛ ዘንድ ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ በጌሊክ ይከፍተዋል። ግእዝ የቆጠሩ ሰዎች ግን በዚህ ብዙም አይደነቁም። ከዚህ የሚከብደው የቃሉ መነሻ ድምፅ እንደ አገባቡ መለዋወጡ ነው፤ «ማኸር» እናት ሲሆን «እናቴ» ለማለት «ሞ ቫኸር» ይባላል፤ ስለዚህም ጀማሪው የሰማውን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልጎ ያጣዋል። በአንጻሩ «መጽሐፍ አለኝ» የሚለውን ጌሊክ እንደ አማርኛ በ«አለ» ይገልጸዋል እንጂ እንደ እንግሊዝኛ የተለየ ግስ የለውም።

የስኮትላንድ ጌሊክ፣ የአየርላንድ ቋንቋና የማን ደሴት ማንክስ የአንድ ቅርንጫፍ ልጆች ናቸው። የዌልስ ቋንቋ፣ የኮርንዎል ቋንቋና በፈረንሳይ የሚነገረው ብረቶን ደግሞ ሌላው ቅርንጫፍ ናቸው። በጥንት ዘመን የኬልት ቋንቋዎች ከስፔን አንሥቶ በጳውሎስ መልእክት ስሟን እስከምናውቃት እስከ ገላትያ ድረስ ይነገሩ ነበር።

የመዳከማቸው ምክንያት ብዙ ነው (ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በአየርላንድ ከ1845 እስከ 1849 በደረሰው የድንች ረኃብ አንድ ሚሊዮን ያህል ሕዝብ አለቀ፤ ያንኑ የሚያህል ተሰደደ፤ ጉዳቱም የበረታው ቋንቋው በሚነገርበት በምዕራቡ ክፍል ነበር። በስኮትላንድ ከ1746ቱ የከሎደን ጦርነት በኋላ የጎሣ አለቆች ሥልጣን ፈረሰ፤ ቆይቶም ገበሬው ለበግ ግጦሽ ሲባል ከመሬቱ ተነቀለ። የ1872ቱ የትምህርት ሕግ ጌሊክን በስሙ እንኳ አላነሣውም።

ለእኛ ለመሐንዲሶች ግን ይበልጥ ሊጠና የሚገባው በዌልስ የካፐል ከሊን መንደር ታሪክ ነው። የሊቨርፑል ከተማ የውኃ ፍላጎቷን ለማሟላት የትሪወሪንን ሸለቆ በግድብ እንድትዘጋ የብሪታንያ ምክር ቤት በ1957 ፈቀደ። ከዌልስ እንደራሴዎች አንድም የደገፈ አልነበረም። በመንደሩ የሚነገረው የዌልስ ቋንቋ ብቻ ነበር ለማለት ይቻላል፤ ትምህርት ቤት፣ ፖስታ ቤት፣ ጸሎት ቤትና መቃብር ነበረው። 48 ሰዎች ቤታቸውን ለቀቁ፤ ግድቡም በ1965 ተመረቀ። ሐይቁ በዝናብ ወራት የተጠራቀመውን ውኃ በበጋ ወደ ዲ ወንዝ እየለቀቀ ፍሰቱን ያስተካክላል፤ ውኃውም በታችኛው ተፋሰስ ይቀዳል። በሙያ ሚዛን ሲታይ ያማረ ሥራ ነው። የሚፈናቀል ቤትና መሬት በገንዘብ ይተመናል፤ የአንድ ሸለቆ የዕለት ንግግር ግን በየትኛው የወጪ ሠንጠረዥ እንደሚገባ ሲያስረዳ የሰማሁት ባልደረባ የለም። የሊቨርፑል ምክር ቤት በ2005 ይቅርታ ጠይቋል።

የግድቡ ቁጣ ገና ትኩስ ሳለ ደራሲው ሶንደርስ ሉዊስ በ1962 በራዲዮ ስለ ቋንቋው ዕጣ ንግግር አደረገ፤ በዚያው ዓመት ወጣቶች የቋንቋ ማኅበር አቋቋሙ። በ1980 ጒዊንቮር ኤቫንስ «የቴሌቪዥን ጣቢያ ካልተሰጠን ምግብ አልቀምስም» ብሎ በመነሣቱ ጣቢያው በ1982 ሥራ ጀመረ። በ2021 ቆጠራ የቋንቋው ተናጋሪዎች 538,000 ያህል፣ ማለትም ከሕዝቡ 17.8 በመቶ ነበሩ።

በአየርላንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የ1937ቱ ሕገ መንግሥት ቋንቋውን ቀዳሚ የመንግሥት ቋንቋ አድርጎታል። በ2022 ቆጠራ 1,873,997 ሰዎች እንናገረዋለን ሲሉ፣ ከትምህርት ቤት ውጭ በየዕለቱ የሚናገሩት ግን 71,968 ብቻ ነበሩ። ሕግ ለቋንቋ ክብር መስጠት ይችላል፤ ማዕድ ላይ ማስቀመጥ ግን አልቻለም። በስኮትላንድ በዚያው ዓመት 69,701 ተናጋሪዎች ተቆጠሩ፤ ከ2011 ይልቅ ከፍ ብሏል። ይሁንና በምዕራብ ደሴቶች፣ በቋንቋው ቤት፣ ተናጋሪው ቀንሷል። ጌሊክን የመንግሥት ቋንቋ የሚያደርገው ሕግ የወጣው በ2025 ነው።

ማንክስ ደግሞ ሞተ ከተባለ በኋላ የተመለሰ ነው። በልጅነቱ ማንክስን አፉን የፈታበት የመጨረሻው ሰው ኔድ ማድረል በ1974 ዐረፈ፤ ደግነቱ ከአየርላንድ የመጡ ሰዎች በ1948 የሽማግሌዎቹን ድምፅ ቀድተው ነበር። በ2001 በማንክስ የሚያስተምር አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ዩኔስኮ በ2009 ቋንቋውን ከጠፉት ጋር በመዘገበው ጊዜ የዚህ ትምህርት ቤት ልጆች «የጠፋ ከሆነ ታዲያ የምንጽፍበት ምንድን ነው?» በሚል አሳብ ደብዳቤ ላኩ፤ ድርጅቱም ምደባውን ለወጠ።